«መሃል ሰፋሪ ነዎት?»

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከወጣ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ አደግሁ፤ ማንበብ ያስተማረኝ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ አብሮኝ የተሰደደ የቀድሞ ወታደር ነው፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ አሜሪካ፣ ኦክላንድ በአዋቂዎች ትምህርት ቤት ከቬትናም አሮጊቶች ጋር እየተጋፋሁ ለቃቀምኩት። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሰው ሐዘኔታ አልወድም። ዛሬም ስጽፍ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጆንያ አንስቼ ነው የማስቀምጠው። ቃል ክብደት እንዳለው የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ባያነበው ይሻላል።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ አሜሪካኖቹ ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ቅስቀሳው የጦፈበት ሰሞን። እኔ ያኔ ኦክላንድ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ። ምርጫ የሚባል ነገር ስሰማ ይስቀኛል። «ማንም ቢመረጥ መጥቶ ትኬት አይቆርጥልኝ» እላለሁ። ሲቲዝን ለመሆን ጊዜዬ ደርሶ ነበር፤ ፎርሙን ያመጡልኝን ሰዎች «ለራሳችሁ ሙሉት» ብዬ መለስኳቸው። አፌ መራራ ነበር። አሁንም ነው፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

እንዲህ ያለው ሰው የመራጮችን አስተያየት ሰብሳቢ ሆነ። ነገሩ ቀላል ነው። ኤመሪቪል ያለ አንድ የጥናት ኩባንያ፣ ከሌላ አገር መጥተው ሲቲዝን የሆኑ ሰዎች ስለ ምርጫው ምን እንደሚያስቡ በየቋንቋቸው ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይጠይቃል። የአማርኛውን ሰርቬይ የጀመረው ልጅ ፕሌዘንተን የተሻለ ሥራ አገኘና «ጋሽ ሰይድ ቅዳሜና እሑድ ነፃ ነው» ብሎ እኔን ጠቁሞ ሄደ።

ሱፐርቫይዘሬ ሊንዳ የምትባል፣ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትረሳ ሴት ነበረች። ሕጉን ነገረችኝ። የተጻፈውን ብቻ አንብብ። አታስረዳ፣ አትጨምር፣ አትቀንስ። ሰውየው የፈለገውን ቢል ፊትህ አይለወጥ።

«ፊቴ ከተወለድኩ ጀምሮ አልተለወጠም» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

አንድ ሌላ ሕግም ነበር። ቤት ስትገባ ቀድሞ በር የከፈተልህን ሰው አትጠይቅም። ከቤቱ መራጮች መካከል የልደት ቀኑ የሚቀርበውን ነው የምትጠይቀው። አለበለዚያ በየቤቱ አፈኛው ብቻ ይመልሳል አለች። ብልሃቱ ገባኝ። የእኛን ሰው ግን አላወቀችም። በሱዳን በኩል የመጣነውን ሁሉ ስደተኛ ያስመዘገቡን ሰዎች የልደት ቀናችንን ጃንዋሪ አንድ ብለው ነው የጻፉልን። ባል ጃንዋሪ አንድ፣ ሚስት ጃንዋሪ አንድ፣ አማት ጃንዋሪ አንድ። ቤቱ ሙሉ በአንድ ቀን የተወለደ ነው!

ዋናው ነገር ግን ይሄ አይደለም። ወረቀቱ ላይ «ምርጫው ዛሬ ቢሆን ለማን ድምፅ ይሰጣሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሶቹን አብሬ አነባለሁ፤ ለዴሞክራቱ፣ ለሪፐብሊካኑ፣ ለሌላ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ «ወይስ መሃል ሰፋሪ ነዎት?» ፈረንጆቹ ገና ያልወሰነ ሰው ለማለት የጻፉትን፣ የማላውቀው ተርጓሚ እንዲህ አድርጎ መለሰው። በደርግ ጊዜ በስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሆነ ያውቃል። አቋም የሌለው፣ የሚያደባ፣ የሚወገድ ማለት ነበር። ሳነበው አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ ሁሉም ግን በፍጥነት ከሁለቱ አንዱን ይጠራል። ማንም መሃል ሰፋሪ ነኝ አላለኝም። ሊንዳ ወረቀቶቹን እያገላበጠች «ሰይድ፣ ያንተ ሰዎች የሚገርሙ ቆራጦች ናቸው! አንድም የሚያመነታ የለም» አለችኝ። እኔም ዝም አልኳት። ትደሰት፣ ምን ቸገረኝ!

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ 880 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ወደ ሳን ሆዜ ወረድኩ። ዕጣው ያወጣልኝ አድራሻ አንድ አፓርትመንት ነበር። በሩን የከፈተው ግርማ የሚባል፣ ኮምፒውተር ፋብሪካ የሚሠራ፣ ገና ሳይቀመጥ የሚያወራ ጎልማሳ ነው። ሚስቱ ሰናይት ከሥራ መጥታ የነርስ ረዳት ልብሷን ገና አላወለቀችም። ሶፋው ጥግ ላይ አባቷ አቶ ደምሴ ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደ ተማሪ ያስቀመጡ ሽማግሌ።

«ለፕሬዚዳንቱ ጉዳይ ነው? እኔን ጠይቀኝ ጋሼ!» አለ ግርማ። «እኔ ሁሉንም ነው የምነግርህ።»

«ሕግ አለው። ልደቱ የሚቀርበው ነው የሚጠየቀው።»

«ሁላችንም ጃንዋሪ አንድ ነን!»

«የመንግሥትን ተወው። እናትህ የምታውቀውን ንገረኝ።»

«እናቴ እንኳን ቀኑን ዓመቱንም አታውቀውም። ዝናብ ነበር ትላለች።»

«ክረምት አልፏል። አንቺስ?»

«የግንቦት ልደታ» አለች ሰናይት። ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ አንተ መቼ ነው?»

ሽማግሌው በጣም ቆይተው «የጥቅምት ማርያም» አሉ።

ጥቅምት ገብቶ ነበር። «እንግዲህ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

ግርማ ጭኑን መትቶ ሳቀ። «በቃ ዛሬ እዚህ ታድራለህ! አባባን ሻይ ወይስ ቡና ብትላቸው ‹እንዳላችሁ› ነው የሚሉት። የምርጫ ወረቀታቸው በፖስታ መጥቶ ይኸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። እኔ ነኝ የምሞላላቸው።»

«ማን ነው ሙላ ያለህ?» አለች ሰናይት።

«እሳቸው ናቸዋ! ጠየቅኋቸው፣ እንዳላችሁ አሉ።»

ሰናይት ወደ እኔ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሽ ሰይድ፣ ለሲቲዝንነቱ እኔ ነኝ ያስጠናሁት። አንድ ቀን እንኳ የራሱን ነገር ከአፉ እንድሰማ ብዬ ነው። እባክዎ ቀስ ብለው ይጠይቁልኝ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። የሷ ነገር ያን ሰዓት ገባኝ፤ ወረቀቱን ግርማ ከሞላው አባትየው በአሜሪካም «እንዳላችሁ» ብለው ሊቀሩ ነው።

ወረቀቱ የተቆነጠጠበትን ክሊፕቦርዴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስቀመጥኩ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማነበው።

«አገሪቱ በትክክለኛው አቅጣጫ እየሄደች ነው ይላሉ ወይስ መንገድ ስታለች?»

«እንዳላችሁ።»

«እኔ ምንም አላልኩም አባቴ። እርስዎ ነዎት የሚሉት።»

«እንግዲህ እንደ ሰዉ ነዋ» አሉ።

«እንዳላችሁ» የሚል ሳጥን ወረቀቱ ላይ የለም። ባዶ ትቼ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ስለ ኑሮ ጠየቅኋቸው፣ እንዳላችሁ። ስለ ግብር፣ እንዳላችሁ። ግርማ ወጥ ቤት ሆኖ በሳቅ ይፈርሳል። ሰናይት የምትይዘው አጥታ የሶፋውን ጨርቅ ታስተካክላለች። እኔ ደግሞ መናደድ ጀምሬያለሁ፤ ሳን ሆዜ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው? በዚህ ንዴት ዋናውን ጥያቄ አነበብኩት።

«ምርጫው ዛሬ ቢሆን ለማን ድምፅ ይሰጣሉ? ለዴሞክራቱ፣ ለሪፐብሊካኑ፣ ለሌላ፣ ወይስ መሃል ሰፋሪ ነዎት?»

እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሣ። መልሶ ተቀመጠ። ፊታቸው ላይ ያለው ደም ሲወርድ አየሁት፤ ውሃ ከማሰሮ እንደሚወርድ።

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት። ሕጉ አትጨምር አትቀንስ ነው።

«ማን ነው የላከህ?»

«ኩባንያ ነው። ኤመሪቪል ያለ።»

«ስሜን ማን ሰጠህ?»

«ስም አይጻፍም። ቤቱ በዕጣ ነው የወጣው።»

ተነሡ። መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጥ አድርገው የቆመችውን ቶዮታዬን አዩ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

«ምን ብለው ጠየቁት?» አለች ሰናይት።

«የተጻፈውን።»

«አባባ?» በሩን አንኳኳች። መልስ የለም። የመሳቢያ ድምፅ ተሰማ።

ግርማ መጥቶ ክሊፕቦርዱን ለመውሰድ እጁን ዘረጋ። «በቃ ጋሼ፣ ሽማግሌውን አታስጨንቃቸው። የቀረውን እኔ ልጨርስልህ፣ አንተም በጊዜ ቤትህ ትገባለህ። ለዴሞክራቱ በለው።»

«እጅህን ሰብስብ» አልኩት።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ከዚያ በፊት ቢሆን ወረቀቱን እሰጠው ነበር። አሁን ግን ያ ቃል አፌ ውስጥ ቀርቶብኛል፤ ማንበብ ከቻልኩ ጀምሮ ያነበብኩት ቃል እንደዚያ ሰው ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም። ሰናይት በሩ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆማለች። እኔም ተቀምጬ ጠበቅሁ። ግርማም ዝም አለ፤ እሱ ዝም ሲል ነው የፈራሁት።

በሩ ተከፈተ።

አቶ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ጥቁር ኮት፣ አንገቱ የተቆለፈ ሸሚዝ፣ የታሰረ ጫማ። በእጃቸው ትንሽ ቦርሳ አለች፤ ዚፑ አልዘጋ ብሎ ፎጣና የመድኃኒት ጠርሙስ ይታያል። መሃል ሳሎን መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ተነሥ እንሂድ» አሉኝ።

«የት ነው የምንሄደው አባቴ?»

«ወደምትወስደኝ።»

ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሰውየው አእምሯቸውን የሳቱ መስሎኝ ዓይናቸውን አየሁ። አልሳቱም። ሳን ሆዜ እንደሆኑ ያውቃሉ፣ እሑድ እንደሆነ ያውቃሉ። ያ ቃል ግን ሌላ ቦታ ነበር የጠራቸው።

«ከመሄዴ በፊት ግን መልሴን ጻፍ» አሉ። «መሃል ሰፋሪ ነኝ።»

እርሳሴን አላነሣሁም።

«ጻፍ እንጂ! ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቡንና አንድ በአንድ ተነሡ፣ አቋማችሁን ተናገሩ አሉን። መኮንን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ አንድ ማሽን ላይ ነው የምንሠራው። ከኔ በፊት ተነሣና ‹ገና እያሰብኩበት ነው› አለ። ይቺን ብቻ! ‹መሃል ሰፋሪ› ብለው ጻፉት። አንተ እንደያዝከው ባለ ወረቀት ላይ። የእኔ ተራ ሲደርስ ከናንተ ጋር ነኝ አልኩ። አጨበጨቡልኝ። እኔም አላሰብኩበትም ነበር እኮ። ልክ እንደሱ ገና እያሰብኩ ነበር። ማታውኑ መኮንንን ከቤቱ ወሰዱት፤ ኮቱን እንኳ አላስለበሱትም።»

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

«እነዚህን ሁለት ሰዎች በቴሌቪዥን አያቸዋለሁ» አሉ። «አንዱ አንዳንዴ ልክ ነው፣ ሌላውም አንዳንዴ ልክ ነው። ገና አላወቅሁም። እያሰብኩበት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ደግሜ አላጨበጭብም። ጻፍ።»

እርሳሱን አነሣሁ። ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደረግሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው እጄን ተመለከቱ። የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው በኩል ይሰማል።

«ጻፍከው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«አሁን ምን ይሆናል?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ወደሚቀጥለው ጥያቄ እናልፋለን» አልኳቸው።

ቆመው ቀሩ። በሩን አዩ። በሩ እንደተዘጋ ነው። ደረጃው ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ቶዮታዋ ቦታዋ ላይ ናት። እኔን መልሰው አዩኝ፤ እንደዚያ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ፈጣሪ ያሳያችሁ፣ ሰው ፊት ላይ ዕድሜ ሲነሳ አይቻለሁ።

«ጠይቀኛ» አሉ ቀስ ብለው።

ጣቴን ከመስመሩ ሥር መለስኩ። ፊደሎቹ ይዋኙብኛል። «ባለፈው ሳምንት ዜና በቴሌቪዥን ምን ያህል ተመለከቱ? በየቀኑ፣ አልፎ አልፎ ወይስ ጭራሽ አልተመለከቱም?»

«በየቀኑ» አሉ። «ግን ድምፁን ይቀንሱብኛል።»

«ማን ነው የሚቀንስብዎ?» አለ ግርማ ደንግጦ።

«አንተ ነሃ!»

ሰናይት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባትና ወጥ ቤት ሮጠች። አቶ ደምሴ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ተቀመጡ። «የቅድሞቹን ተመለስባቸው» አሉኝ። «ባዶ ትተሃቸው አይቻለሁ።»

ተመለስኩ። ስለ ግብር ያላቸውን ነገር ሰምቼ አልጨርሰውም! ስለ ሕክምና፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ተወዳዳሪ ሲሳሳት ከንፈሩን እንዴት እንደሚነክስ። ስንት ዘመን የተጠራቀመ ነው። ግርማ አንድ ጊዜ ሊያርማቸው አፉን ሲከፍት «ልደትህ አልደረሰም፣ ዝም በል» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወረቀቱ ካለቀ በኋላም እያወሩ ነበር፤ እኔም ሕጉን ጥሼ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ስወጣ እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ልጄ፣ ሌላ ጥያቄ ካላቸው ይላኩህ» አሉኝ።

ኦክላንድ እስክደርስ ሬዲዮ አልከፈትኩም።

በማግስቱ ሊንዳ ጋ ሄድኩና በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ «ይህ ቃል በእኛ አገር ሰው ገድሏል» አልኳት። እርሳሷን ከፀጉሯ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሁሉንም ነገርኳት። «ቆራጦች ያልኳቸው ለካ ፈርተው ነው» አለች። ቃሉ በዚያው ሳምንት «ገና አልወሰንኩም» ተብሎ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የሄድኩባቸው ቤቶች ውስጥ ያልወሰነው ሰው ብዛት! ታክሲ ነጂው፣ ነርሷ፣ ባለ ሱቁ፣ «እውነቱን ልንገርህ ጋሼ፣ ገና ነኝ» ይሉኝ ጀመር። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ተቆልፎበት ኖሯል። የአቶ ደምሴን ወረቀት ግን «እንዳትነኪው» አልኳት፤ እንዳለ ተወችው።

ምርጫው ካለፈ በኋላ ኩባንያው የጠየቅናቸውን ሰዎች ደግመን እንድንጠይቅ ላከን። ሳን ሆዜ ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው።

«ለማን ድምፅ ሰጡ?» ብዬ አነበብኩ።

ፈገግ አሉ። «አልነግርህም።»

«እኛም አናውቅም!» ብሎ ጮኸ ግርማ ከወጥ ቤት። «በሩን ዘግተውብን ነው የሞሉት! ፖስታ ቤትም ራሳቸው ናቸው የወሰዱት!»

መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አይደሉም የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩና «ለዚህም ቦታ አለው?» አሉኝ።

«አለው።»

«አሃ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። እንደ እሳቸው ያለ ሰው «አሃ» ሲል የምትሰሙበት ቀን እንዲመጣላችሁ እመኛለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ ከእኔ የተማራችሁ ናችሁ። እዚህ ኦክላንድ ምግብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደባችሁ «አንተ ከማን ወገን ነህ? ዛሬውኑ ለይ!» ስትባባሉ እሰማለሁ። አልመክራችሁም፣ መካሪ አይደለሁም። ሰዎች እንደ ድሮው መራራ ነህ ይሉኛል፤ ነኝ። ነገር ግን ያኔ መልሼው የነበረውን የሲቲዝንነት ፎርም ከምርጫው በኋላ ራሴ ሄጄ አመጣሁት፤ ቃል በቃል እያነበብኩ ራሴ ሞላሁት። ስለ ፖለቲከኞች ያለኝ አስተያየት አልተሻሻለም። ያየሁትን ግን አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ኮቱን ለብሶ፣ ፎጣውን ይዞ፣ ይወስዱኛል ብሎ እያመነ የልቡን ተናገረ፤ ምንም አልሆነም፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍን። ይህን ተአምር ካላላችሁት፣ ተአምር የምትሉትን እናንተ ንገሩኝ።